እስከ መጨረሻው እዩልኝ

እትዬ ካውያ ያሏት ደንበኞቿ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ላውንደሪ ጓዳ ውስጥ ቆማ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የኖረች ሴት፣ እንግዲህ ሌላ ምን ትባል? እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። ሸሚዝ ከኮሌታው ነው የሚጀመረው፤ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፣ ደረቱ መጨረሻ ላይ። ይህን የሚያፋልስ ሰው ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። የላውንደሪው ባለቤት ራሳቸው አንድ ቀን ሥራ በዝቶ ላግዝሽ ብለው ከደረቱ ቢጀምሩ፣ ካውያውን ከእጃቸው ተቀብላ «እርስዎ ይሂዱና ደንበኛ ያስተናግዱ» ብላቸዋለች።

ጓዳው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች ሲያጓሩ ይውላሉ፤ በሌላው በኩል የእሷ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ አንድ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ድሮ የቁልፍና የክር ጣሳ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ልጇ ነው ያለው።

ልጇ ማለቴ ስልኳ ነው። ልጁ ራሱማ ከሄደ አራት ዓመቱ፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነው የሚኖረው። ቀለም ቀቢ ነው። የሰው ቤት ይቀባል፣ ሲቀባ ስልኩን አንድ ጥግ አስደግፎ ራሱን ይቀርጻል፣ ቪዲዮውን ይለቃል፣ ሰው ያያል። «ግድግዳ ሲቀባ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አለ?» ብላ ጠይቃው ነበር እናት መጀመሪያ ላይ። አለ፤ ለዚያውም ብዙ። የሻገተ ግድግዳ ሲፋቅ፣ ቀዳዳው በስቱኮ ሲደፈን፣ ቀስ እያለ አንድ ወጥ ሆኖ ሲመጣ ማየት መንፈስ ያረጋጋል ይላሉ። ቻናሉን «ቀቢው» ብሎታል።

የሄደ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ ቃል ገብቶላታል። ቪዲዮው ክፍያ የጀመረ ቀን እመጣለሁ፣ ባዶ እጄን ግን ደጅሽን አልረግጥም ብሎ። ማን እጁን እንደጠየቀው እንጃ። እሷ ኮሌታውን እያስተካከለች «እሺ» አለችው። ዛሬ ዛሬ ያቺን «እሺ» በጥርሷ ይዛ ባስቀረቻት ብላ ትመኛለች።

መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። በደወለ ቁጥር ግን «መቼ ነው የምትመጣው?» ትለዋለች፤ አልልም ብላ ምላ እንኳ ከአፏ ያመልጣታል። እሱም ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ ይላል። እየቆየ ስልኩ በወር ሆነ፣ ከዚያ በሁለት ወር። አንድ ጊዜ ብትወቅሰው ቪዲዮው ላይ ታዪኝ የለም እንዴ አላት። እውነቱን ነው፤ ታየዋለች። እሱ ነው የማያያት።

ቪዲዮው ሲጀምር ልጁ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ሰላም ቤተሰቦቼ፣ እንዴት ናችሁ? ጠፋሁባችሁ አይደል?» ይላል። ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ነው የሚለው፤ ቪዲዮ የሚለቅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ይህ ጠፍቷት አይደለም፤ ሞኝ አይደለችም። ግን ካውያውን ታቆምና «ደህና ነኝ ልጄ። አዎ፣ ጠፋህ» ትለዋለች። በየቀኑ ትለዋለች፤ ማሽኑ ሲያጓራ ማንም ስለማይሰማት እንደልቧ ነው።

ከሁሉም የምትወደው የአረንጓዴውን ክፍል ነው። እዚያኛው ላይ ልጁ በመሃል ሮለሩን ያስቀምጥና ስልኩ እየቀረጸው መሆኑን ረስቶ ቆሞ ዳቦ ይበላል። ቆሞ። አንጀቷን የሚበላት እሱ ነው። ከዚያ ወደ ሥራው ይመለስና ከመስኮቱ ሥር በስተግራ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳይቀባ ያልፋታል። እትዬ ካውያ እዚያ በደረሰች ቁጥር «ከመስኮቱ ሥር ዘለልክ» ትለዋለች። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ በሩ ይሄዳል።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር፣ አንድ ጠዋት ቀቢው ፊቱ በርቶ መጣ። «ቤተሰቦቼ፣ ክፍያ ለመጀመር የቀረን ትንሽ ሰዓት ነው። እባካችሁ እስከ መጨረሻው እዩልኝ» አለ።

እናት ምን ሰዓት ነው የሚለው ብላ ቶሎቶሎን ጠየቀቻት። ቶሎቶሎ ማሽኖቹን የምትይዘው ልጅ ናት፤ ስሙን ያወጣላት አነጋገሯ ነው። በአንድ ትንፋሽ አስረዳቻት። ክፍያ የሚጀመረው ሰዎች በጠቅላላው ይህን ያህል ሺህ ሰዓት ሲያዩለት ነው፤ ጀምሮ የተወው ብዙም አይጠቅምም፤ እስከ መጨረሻው የታየ ነው ቁም ነገሩ፤ የልጅዎ ሰዓት ገና አልሞላም፣ ጎደሎ አለበት፣ ማለት እሱ ነው አለቻት።

እትዬ ካውያ ሸሚዙን ገለበጠች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«የጎደለው ሰዓት ነው?» አለች። «ሰዓትማ እኔ ጋ ሞልቷል።»

ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ጓዳው ሌላ ቤት ሆነ። ስልኳ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መደርደሪያው ላይ ይወጣል፤ ቪዲዮዎቹ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተቀጠለ ማታ በር እስኪዘጋ ይሄዳሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ስልክ አነሳት። የቶሎቶሎ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ተጨመረ። ከዚያ ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ የጣሉትን ለመነቻቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሰጧት። ሦስት ስልክ፣ ሦስት ልጅ፣ አንዱ ሲፍቅ አንዱ ስቱኮ ሲያቦካ አንዱ ሲቀባ። ቶሎቶሎ ሥቃ ልትሞት ነበር፤ «እትዬ፣ እርስዎ ብቻዎን አንድ ከተማ ነዎት» አለቻት። እሷ ግን የምሯን ነው። በዕድሜዋ ስትጠብቅ ያጠፋችው ሰዓት ለአንድ ነገር ሲውል የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሸሚዝ እየተኮሰች ልጇን አውቶቡስ ተራ ድረስ በእጇ እየገፋች የምታመጣው ይመስላታል።

በሦስተኛው ወር ሰዓቱ ሞላ። ቀቢው እየሣቀ ማመልከቻ አስገባሁ፣ በሳምንት ውስጥ መልስ ይመጣል አለ። እትዬ ካውያ የዚያን ቀን የልጇን አልጋ ልብስ ከቤት ይዛ መጥታ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ትራስ ልብሱን ተኮሰች። ትቶት የሄደውን ሸሚዝም ተኮሰች፤ ቪዲዮው ላይ እንደምታየው ከስቷልና ይሰፋው ይሆን ብላ ወገቡን በመዳፏ ለካችው። ለደንበኛ ሁሉ ልጄ ሊመጣ ነው ብላ አወራች።

መልሱ መጣ። ያን ቀን ልጁ የቆመው ባዶ ግድግዳ ፊት ነበር፤ ብሩሽም አልያዘም። ክፍያው መከልከሉን ተናገረ። ታየ የተባለው ሰዓት አብዛኛው የውሸት ነው ብለውናል አለ። ሰው ሳይሆን ስልክ ነው ሲያየን የነበረው፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ፤ ተቆርጦ ተጥሏል፤ ለስድስት ወር ድጋሚ ማመልከት አንችልም አለ። ከዚያ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ «ይህን ያደረገብኝ ሰው፣ ልቦና ይስጠው» አለ።

አዲሱን ቪዲዮ በሦስቱም ላይ ነው የከፈተችው፤ ስልኮቹ ግን እኩል አይሄዱም። መሃለኛው ጥቂት ይቀድማል፣ የተሰነጠቀው ይዘገያል። ስለዚህ ልጇ ሦስት ጊዜ ነው፣ እየተከታተለ፣ ልቦና ይስጠው ያላት።

እትዬ ካውያ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደጫነች ቀረች። ቶሎቶሎ ሮጣ ካውያውን ባታነሳላት ሸሚዙ ተቃጥሎ ነበር። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት አፏን ያዘች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ታወርድላት ጀመር። ማንም አያውቅም፣ እኔ አልናገርም፣ እርስዎም ዝም ይበሉ፣ ስድስት ወር ምን አላት፣ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው አለቻት። እናትዬዋ ስልኮቹን አንድ በአንድ አጠፋች። የራሷን ይዛ በጓሮ በር ወጣች፤ የታጠበ አንሶላ የሚሰጣበት ጠባብ ግቢ ነው። ደወለች። አላነሳም። ደገመች። በሦስተኛው አነሳ።

«እማዬ፣ ዛሬ ደህና አይደለሁም፤ ሌላ ቀን...»

«ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለችው።

 እሷም ፋታ ሳትሰጠው ነገረችው። ሦስቱን ስልክ፣ መደርደሪያውን፣ ሰዓቱን፣ ሁሉን። በሥራ ሰዓቷ ሁሉ ስታየው እንደነበር፣ እስከ መጨረሻው እዩልኝ ስላለ አንዱንም ሳታቋርጥ እንዳየችው። መጨረሻ ላይ ድምፁ ሲመጣ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያ ይሻላት ነበር። የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ምኑን ነው የምታዪው? ግድግዳ ነው እኮ እማዬ።»

«ግድግዳውን መች አየሁት» አለች። «ከስተሃል። ሰማያዊውን ቤት ስትቀባ ስታስል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስለሃል። አረንጓዴው ክፍል ውስጥ ቆመህ ነው የምትበላው፤ አንድ በርሜል ገልብጠህ እንኳ አትቀመጥም። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ዘለሃል። ሁልጊዜ እነግርሃለሁ፣ አትሰማኝም።»

 እሱም፣ አሁንስ ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ፣ ሰፈሩን ሁሉ ምን ብዬ ልየው አላት፤ ስድስት ወር፣ ከዚያ ደግሞ ሰዓቱን ከዜሮ፣ ማን ያውቃል ዓመት ይሆናል። እሷ የአንሶላውን ጫፍ ጨብጣ ይዛለች፤ ታጥቦ የተሰጣ የሰው አንሶላ መሆኑንም ረስታለች።

«እኔ ብሩን ጠብቄ አላውቅም» አለችው። «አንተን ነው የምጠብቀው። ናፍቀኸኛል፤ አለቀ።»

አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ በግልጽ ብላው አታውቅም። እሱ ግን ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ እደውላለሁ አለና ዘጋ። «እደውላለሁ»ን ታውቃታለች። አንሶላውን መልሳ ወስዳ ተኮሰችው።

ከዚያ ወዲያ ቪዲዮ አላየችም። አታዪ ያላት የለም፤ ራሷ ፈራች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብከፍተው ደግሞ ሌላ ነገር ይበላሽበታል ብላ። ስልኮቹን ለባለቤቶቻቸው መለሰች። የቁልፍና የክሩን ጣሳ ወደ ቦታው አወጣችው። ለካ ሥራዋን የምትለካው በልጇ ኖሯል፤ ድሮ አንድ ግድግዳ ሲያልቅ እሷ አራት ሸሚዝ ትጨርስ ነበር፣ አሁን ስንት እንደሠራች አታውቅም። ደንበኞች ልጅሽ መጣ ወይ ሲሏት ትንሽ ሥራ ያዘው ትላለች። አንዳንዴ ካውያውን አንስታ መደርደሪያው ላይ ታፈጣለች፤ ቶሎቶሎም ይህን ስታይ የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ ወደ ማሽኖቿ ትመለሳለች።

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስተኛው ጀመረ። አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ። የምስል ጥሪ ነው። እጇ ላይ ያለውን እርጥበት ጉርድ ቀሚሷ ላይ ጠርጋ እስክታነሳው ሊዘጋባት ምንም አልቀረው።

ልጇ ነው። ጸጉሩ ላይ ነጭ ቀለም ተፈናጥቋል። ሰላም ቤተሰቦቼ አላለም። «እማዬ» አለ።  «መቼ ነው የምትመጣው» ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣች፤ ዋጠቻት። እሱ ዓይኑን ወደ ጎን አደረገ።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለ። «እንዳትዘጊው። እዚህ አስደግፈዋለሁ፤ አንቺም ሥራሽን ሥሪ። ይሄኛውን ማንም አይቆጥረውም።»

ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደገፈው። ክፍሉ ታየ፤ ባዶ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ መሰላል፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወለል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሮለሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። እትዬ ካውያም የክሩን ጣሳ ገፋ አድርጋ ስልኳን መደርደሪያው ላይ አቆመችና አዲስ ሸሚዝ ከኮሌታው ጀመረች።  አንድ ሸሚዝ፣ ሁለት ሸሚዝ። ማሽኑ ያጓራል፤ ሮለሩ ግድግዳው ላይ ሲያልፍ ድምፁ ይሰማል። ልጁ ከጥጉ ጀምሮ መስኮቱ ጋ ደረሰ፤ ከላይ ቀባ፣ ከጎን ቀባ፣ ከሥር ቀባና ወደ በሩ መሄድ ጀመረ።

እሷ ካውያውን ሳታቆም፣ እንደ ድሮው፣ ለራሷ ያህል በቀስታ «ከመስኮቱ ሥር ዘለልክ» አለች።

ልጁ ቆመ። ሮለሩን እንደያዘ ዞረና አያት።

«የቱ ጋ?» አለ።

እትዬ ካውያ ካውያውን ማሳረፊያው ላይ አስቀመጠችው። ወደ መደርደሪያው ተጠግታ ቦታዋን ፈለገቻት። ልጁ ይጠብቃታል፤ ቆሞ ይጠብቃታል።

«በስተግራ» አለች። «ዝቅ በል። አዎ፣ እሷ ጋ።»

ጎንበስ ብሎ ቀባው።