የኤርሊንዳ ምድብ

ወንድሜ ኔስቶር ሚስቱን ተኩስ ያስጀመራት እሱ እንደሆነ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኤርሊንዳ በሊፓ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የኑድል ሾርባ ቤት አላት። እሁድ እሁድ የክለባችን ተኳሾች ከሜዳው ሲመለሱ እዚያ ይራገፋሉ። ስለ ቃታ፣ ስለ ካዝና፣ ስለ ሽርፍራፊ ሰከንድ ሲጨቃጨቁ እሷ ሾርባ እየቀዳች ትሰማለች። አንድ እሁድ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ «ዓመታት ሙሉ ወሬያችሁን ስቀልብ ኖርኩ። አሁን እኔም ልተኩስ ነው» አለች።

ኔስቶር ሳቀ። በሳምንቱ የደህንነት ትምህርቱን ስትጀምር ሳቁ ቀነሰ። ያለ አንዲት ስህተት ስትጨርስ ደግሞ ከሷ በላይ ተኩራርቶ ከተማውን ዞረ። ከዚያ የሐምሌ ውድድር ደረሰና ምዝገባ ተከፈተ። የክለቡን ምዝገባም ሆነ ውጤት የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ «በየትኛው ምድብ ልጻፍሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ተኳሽ ሁሉ አስቀድሞ ምድቡን ይመርጣል፤ የሚለካውም ተመሳሳይ ሽጉጥ ከያዙት ጋር ብቻ ነው።

«ይሄም ይጠየቃል?» አለ ኔስቶር አፉን እንደሞላ። «ክፍቱ ምድብ ነዋ፣ ሁሉ የሚፈቀድበት። ሁለተኛውን ሽጉጤን እሰጥሻለሁ። መነጽር አለው፤ ቀይዋን ነጥብ ኢላማው ላይ አሳርፈሽ መሳብ ነው። አፈሙዙ ላይ ጋዝ ማስወጫ ስላለው እጅሽ ላይ አይዘልም።»

«ያንተ ሽጉጥ ሲተኮስ ጥርሴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ።»

«አፍሽን ግጠሚዋ።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት ማንግ ቴዎዱሎ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የክለባችን አንጋፋ ዳኛ ናቸው፤ «ማንግ» የምንላቸውም በዕድሜያቸው አክብረን ነው፤ እሳቸው ሲናገሩ ኔስቶር እንኳ ዝም ይላል። «ልጄ፣ ለጀማሪ የፋብሪካው ምድብ ነው የሚሻለው። ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ምንም ሳይቀጠልበት። ካዝናው የቱንም ያህል ቢይዝ ከአስራ አምስት ጥይት በላይ አይሞላበትም። እዚያ ሰው መተኮስ ይማራል።»

«መነጽር የለ፣ ጋዝ ማስወጫ የለ፣ ጥይቱም ተቆጥሮ» አለ ኔስቶር። «የጾም ምድብ ነው።»

«እኔ ጥሩ ሾርባ የምሠራው በጾም ቀን ነው» አለችው ኤርሊንዳ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሮዌና፣ በፋብሪካው ጻፊኝ። በእሱ ሽጉጥ ጥሩ ብተኩስ ሽጉጡ ነው ይላሉ። መጥፎ ብተኩስ እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ከባሌ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ላይ መውጣት አልፈልግም» አለችኝ። ጻፍኳት። አንድ ተራ ጥቁር ሽጉጥ ገዛች። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ጋብ ባለ ቁጥር ጓዳ ገብታ፣ ባዶውን ሽጉጥ ከማህደሩ እየመዘዘች ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ታነጣጥር ነበር።

የውድድሩ ዕለት የማላራያት ተራራ ከማለዳው ደመና ተከናንቦ ዋለ። ኤርሊንዳ የመጀመሪያውን ዙር ተኮሰች። ጥይቶቿ ሁሉ የወረቀት ኢላማዎቹን መሀል መሀሉን በሱት። ከመስመሩ ስትወጣ ዓይኗ ይበራል፤ እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች። የሚያውቋት ሁሉ ከበቧት። ኔስቶርም ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ «አንቺ እረፊ፣ እኔ እሞላልሻለሁ» ብሎ ካዝናዎቿን ተቀበላትና እያወራ ይሞላ ጀመር።

ሁለተኛውንም ዙር አሳምራ ጨረሰች። ማንግ ቴዎዱሎ እንደ ደንቡ ከቀበቶዋ ላይ አንድ ያልተነካ ካዝና ወስደው ጥይቱን መዳፋቸው ላይ አራገፉ። ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። አስራ ዘጠኝ ነው።

«ኤርሊንዳ» አሉ፣ ድምጻቸው ከብዶ። «ከፋብሪካው ምድብ ወጥተሻል። ደንቡ ወደ ክፍቱ ያዛውርሻል። እስካሁን ያገኘሽውም ነጥብ ወደዚያው ይሄዳል።»

ኔስቶር ፊቱ አመድ መሰለ። «ማንግ ቴዎዱሎ፣ እኔ ነኝ የሞላሁት። እጄ ለምዶ ነው፣ እኔ ካዝና አፉ እስኪደርስ ነው የምሞላው። እሷ ምን አጠፋች?»

«ካዝናው የተገኘው ያንተ ቀበቶ ላይ አይደለም።»

«እሺ፣ ቢያንስ ሁለተኛውን ሽጉጤን ትያዝ።»

«በውድድር መሀል ሽጉጥ አይቀየርም። እያወቅህ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ኤርሊንዳ ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። የክፍቱ ምድብ ደንብ ለኃይለኛ ጥይት ያደላል፤ የሷ ቀለል ያለ ስለሆነ ከመሀል ፈንጠር ባለ ቁጥር የምታገኘው ነጥብ ከሌሎቹ ያንሳል። በተራ ሽጉጥ ከባለ መነጽሮቹ ጋር መሰለፍ በባዶ እግር ከባለ ሞተር ጋር እንደ መሮጥ ነው። ኔስቶር ክንዷን ይዞ፣ «ተይው፣ ቤት እንሂድ። ጥፋቱ የኔ ነው» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «ክፍቱ ምድብ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ካንቺ ጋር አስራ አንድ።»

«ይሄም አለበት?» ብላ በከንፈሯ ወደ ባሏ ጠቆመች።

«አለበት።»

«እንግዲያው የትም አልሄድም» አለችና ካዝናዎቿን ከቀበቶዋ አውጥታ ራሷ ትሞላ ጀመር።

ሦስተኛው ዙር ላይ ዝናቡ ከተራራው ወረደ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የሐምሌ ዝናባችን ሰው አያስጠነቅቅም። የኮኮናቱ ዛፎች አጎነበሱ፣ ሜዳው ቀይ ጭቃ ሆነ። ስድስት የብረት ኢላማዎች በሩቁ ተደርድረዋል፤ የወረቀት ኢላማዎቹ ዝናቡ እንዳያበላሻቸው ላስቲክ ለበሱ። የብረቱ ኢላማ ካልወደቀ አልተመታም፤ ልመና አይሰማም።

ኔስቶር ከሷ ቀድሞ ገባ። የማስጀመሪያው ድምጽ ጢጥ ሲል እንደወትሮው ፈጥኖ መዘዘ፤ ከዚያ ግን ቀጥ አለ። መነጽሩ ላይ ጠብታ ተደርድሮ አንዷን ቀይ ነጥብ ሃያ አድርጓታል። በእጅጌው ጠረገው፤ ጨርሶ ደፈነው። ተኮሰ፣ ሳተ። ደገመ፣ ሳተ። ብረቶቹን እየለቀመ ጨርሶ ሲወጣ ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። «እውነተኛዋ ነጥብ የትኛዋ እንደሆነች እንኳ አላወቅኩም» አለኝ። ከሱ በኋላ የገቡት ሁለት ባለ መነጽሮችም እንዲሁ እያሻሹና እየተራገሙ ወጡ።

ኤርሊንዳ ገባች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ጢጥ አለ። ሽጉጧ ላይ ለማነጣጠሪያ አንዲት የብረት ጉብታ እንጂ የሚደፈን መስታወት የለም። አንደኛው ብረት ወደቀ፣ ሁለተኛው ወደቀ። እጄ ላይ ያለውን የውጤት መመዝገቢያ ሰሌዳ ረስቼ እሷን ብቻ አያለሁ። ሦስት፣ አራት። ጭቃ ውስጥ እየረገጠች መከለያ ሆነው ወደ ቆሙት በርሜሎች ተሻገረች፣ ካዝና ቀየረች፣ ወረቀቶቹን ሁለት ሁለት ጥይት ሰጠቻቸው። የመጨረሻው ብረት ሲወድቅ የሰማሁት ብረቱን አይደለም፣ ኔስቶርን ነው፤ የሚስቱን ስም እየጠራ እንደ ዶሮ ፍልሚያ ተወራራጅ ይጮሃል። ውጤቷን አስገባሁ። በዚያ ዙር ከክፍቱ ምድብ አንደኛ ወጥታለች። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አልተሳሳትኩም።

መቼም ዝናብ ቃል ኪዳን የለውም። ለመጨረሻው ዙር ፀሐይ ወጣች፣ መነጽሮቹ ደረቁ፣ ኔስቶርም እንደ ነፋስ ሮጦ ተኮሰ። እሷ አልተቻኮለችም። ሁሉም ሲደመር እሱ ሦስተኛ፣ እሷ ስድስተኛ ሆኑ። አምስት ባለ መነጽሮች ከሷ በታች ቀሩ።

ማታ ሾርባ ቤቱ በእርጥብ ካልሲና በጫጫታ ተሞላ። ኤርሊንዳ እየቀዳች የሦስተኛውን ዙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችው፤ ጭልፋው ሽጉጥ ሆኖ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ። ኔስቶር ብቻ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ይበላል። ሲጨርስ ሳህኑን ገፋና ወደ እኔ ዞረ።

«የነሐሴ ምዝገባ ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል። እንደወትሮው ክፍቱ?»

«አይ። የፋብሪካው።»

ኤርሊንዳ ጭልፋውን እንደያዘች፣ «አንተ የጾም ምድብ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

«ሚስቱን በመነጽር አሸነፈ እንዲሉኝ አልፈልግም።»

«ሳቅ እንዳታስመጣብኝ። ለመሆኑ ሽጉጥ ከየት ልታመጣ ነው? የኔን አላበድርህም።»

«እገዛለሁ» አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። በደስታ ይሁን በኀፍረት እስከዛሬ አልለየሁም። ሁለቱንም አከታትዬ ጻፍኳቸው።

በነሐሴ ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ ጠራ። ኔስቶር በተራው ሽጉጥ ላይ የሌለች ቀይ ነጥብ እየፈለገ ሁለት ዙር አባከነ። ኤርሊንዳ አራተኛ፣ እሱ ሰባተኛ ሆነ። የለጠፍኩትን ውጤት ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ አጠገቡ የቆመችውን ሚስቱን አየና፣ «ቃታውን እንዴት ነው የምትስቢው? እስቲ አሳዪኝ» አላት። ኤርሊንዳ ጣቱን ያዘችና እዚያው ሰው መሀል ታሳየው ጀመር።