የገብረክርስቶስ ስምንት ኢንተር

ገብረክርስቶስ የጻፈው የዕጣ ፕሮግራም ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ አቻ አልነበረውም፤ ከሜክሲኮ ወዲያ ያለውን አላጣራም። ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ፊደል፣ በቃ። ማውስ የሰነፍ ነው።

ግቢያቸው ሊፈርስ ነው። ለሀያ አራቱ ቤተሰብ አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ደርሷቸዋል፤ ማን የትኛው ፎቅ እንደሚገባ ዕጣ ይወስናል። ሊፍት የለውም። ጎረቤቱ እትዬ ሀብትነሽ ደግሞ ዕጣው የሚወጣበትን አዳራሽ ሦስት ደረጃ የወጡት በሁለት ሰው ትከሻ ነው።

«ምድር ካልደረሰኝ ከዚያ የምወርደው በቃሬዛ ነው» ብለውታል ጠዋት።

«እትዬ፣ እኔ እያለሁ? ይሄ ማሽን እኮ የኔ ጭንቅላት ነው!»

ደንቡንም ያረቀቀው እሱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ በመጨረሻ የሚቀረው ዕጣ ይጸናል፣ መቀያየር የለም። ሁሉም ፈርመዋል። ቤቱ ሆኖ ሲሞክረው እንዲመቸው ግን ኢንተር በተነካ ቁጥር ስክሪኑ ተጠርጎ አዲስ ዕጣ እንዲወጣ አድርጎት ነበር። ያንን ማውጣት ረስቷል።

ዕጣውን ሲያስጀምረው ስሞቹ ከነፎቃቸው ስክሪኑ ላይ ይጎርፉ ጀመር።

«ኧረ ቀስ አድርገው! ባቡር ነው እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው አቶ ገበያው።

ገብረክርስቶስ ሀያ ዓመት ደብዳቤ ሲጽፍ እንደለመደው ኮንትሮል ኤስ ተጫነ፤ በእሱ ቤት ዕጣው እንዳይጠፋ ማስቀመጡ ነው። ስክሪኑ ዘጠነኛው ስም ላይ ድርቅ አለ።

«እያሰበ ነው» አለ። ኢንተር መታ። ምንም የለም። «የባንክ ኮምፒውተር ቢሆን እስካሁን ይፈነዳ ነበር።» መታ። ስምንት ጊዜ መታ።

የግቢው ስልክ ጠጋኝ ኢዘዲን ከኋላው አንገቱን አሰገገ። «ገብሬ፣ እዚህ ላይ ኮንትሮል ኤስ ማቆሚያ ነው እኮ። በኮንትሮል ኪው ልቀቀው።»

«አውቃለሁ፣ ልፈትንህ ብዬ ነው» አለ፤ አያውቅም ነበር። ተጫነ።

የእትዬ ሀብትነሽ ስም ከሁሉም በታች ነው። «ሀብትነሽ፦ ምድር።» እልልታው የአዳራሹን ቆርቆሮ ሊያነሳው ደረሰ። ሳያልቅ ስክሪኑ ተጠረገ። ስምንቱ ኢንተሮች ለካ ወረፋ ይዘው ኖሯል።

«ሀብትነሽ፦ ሁለተኛ።» ተጠረገ። «ሀብትነሽ፦ ሦስተኛ።» ተጠረገ።

«አቁመው እንጂ!» አሉ ገበያው።

ገብረክርስቶስ እጆቹ ከኪቦርዱ በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። አንድ ቁልፍ ቢነካ ሌላ ዕጣ እንዳይጨምር ፈራ። ምድር አንዴ ተመልሶ መጣ፤ ሄደ። ስምንተኛው ኢንተር ሲያልቅ ስክሪኑ ጸጥ አለ።

«ሀብትነሽ፦ አራተኛ።»

«ገብሬ» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ «ያቺን የመጀመሪያዋን ወደ ላይ ሳብና አምጣት እስቲ። ሁላችንም አይተናታል።»

ሳበ። ጥቁር ብቻ ነው። የተጠረገ ነገር ምልክት እንዳይተው ያዘዘው ራሱ ነበር። አቶ ገበያው ደንቡን ከኪሳቸው አወጡ፣ የሀያ አራቱን ፊርማ አዩና መልሰው ከተቱት። ምድር ከደረሳቸው አንዱ ኢዘዲን ነው፤ የአልጋ ቁራኛ እናት አለችው፤ ቀና አላለም።

«አራተኛ ስንት ደረጃ ይሆን?» አሉ እትዬ።

ገብረክርስቶስ ትናንት ብሎኩን አይቶ ሲመለስ «አምስት መቶ ደረጃ ወጥቼ ትንፋሽ እንኳ አላጠረኝም» ብሎ ለሰፈሩ አውርቷል። ቆጥሮታል፤ እስከ አራተኛ ሰባ ሁለት ነው።

«ጥቂት ነው እትዬ» አለ። «በጣም ጥቂት።»