ባለሰዓቱ ሲመጣ

በዚያ የልብስ ፋብሪካ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበር፤ ባለሰዓቱ ሲመጣ እጅ ይዝላል። ባለሰዓቱ የሚባለው፣ የሩጫ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከአንዲት ሰፊ ጀርባ እየቆመ አንድ ኮሌታ በስንት ሰከንድ እንደምትጨርስ የሚለካ ሰውዬ ነው። የአንዷ ፍጥነት የሁሉም ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ እሱ ሲቆም ክር ይበጠሳል፣ መርፌ ይሰበራል፣ ጤነኛዋ ሁሉ ጉንፋን ይይዛታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ስልሳ ሴት አብራ አንድ ባለሰዓት ስታሞኝ ዓመታት አልፈዋል።

ከስልሳዎቹ አንዷን በቅልጥፍናዋ መብረቅ ይሏታል። ከሩቅ ገጠር መጥታ ለባሕር ማዶ ሰው ሸሚዝ ትሰፋለች። አንዱን ሸሚዝ ልግዛ ብትል የወር ደመወዟ አይበቃትም። አራት ሆነው በተከራዩት የቆርቆሮ ክፍል ሁለት ፍራሽ አለ፤ የቀን ፈረቃ ሲነሣ የሌሊት ፈረቃ ይተኛበታል፤ ፍራሹ ቀዝቅዞ አያውቅም። የደመወዝ ጭማሪውማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታናሽ እህቷን ወደዚህ ኑሮ ያመጣቻት ወዳ አልነበረም። አገር ቤት በዕድሜ አባቷ የሚሆን ባለጠጋ ሽማግሌ ትንሿን ለጋብቻ ጠይቋት፣ ዘመድ ሁሉ እሺ ብሏል። እናታቸው ብቻ አልቅሳ ልጅቷን በአውቶቡስ አሾለከቻት። ሥራ ከያዘች ተረፈች፤ ከተመለሰች አበቃላት። መብረቅ እዚያው ፋብሪካ አስቀጠረቻት፤ የሙከራ ጊዜዋ ሁለት ወር ነው።

አንድ ቀን የክፍሉ ሹም የስፌት መስመር መሪነት ቦታ መከፈቱን፣ ለእጀ ፈጣን እንደሚሰጥ ለመብረቅ ሹክ አላት። የመሪ ደመወዝ ለሁለት እህትማማቾች የራሳቸውን ክፍል ያከራያል። ከራስ በላይ ነፋስ ብላ ነው እንዳልል፣ እህቷን ብላ ነው። በማግስቱ ባለሰዓቱ ከጀርባዋ ሲቆም ክሯ አልተበጠሰም። የስፌት መኪናዋ ሲጮህ መስመሩ በሙሉ ሰማ።

ሹመቱን በሳምንቱ አገኘች። በዚያው ቀን በሰዓት የሚሰፋው ግዴታ ከሃምሳ ኮሌታ ወደ ሰባ አምስት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ምሳ ብቻዋን በላች። የመስመሩ አንጋፋ፣ እቴቴ የሚሏቸው ሴትዮ ብቻ፣ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አንቺስ ሰባ አምስቱን ትደርሺበታለሽ፣ ልጄ» አሏት። «እኛ ነን የማንደርስበት። ትንሿስ ትደርሳለች?»

ትንሿ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆማለች። ድሮ ቢሆን መብረቅ ከራሷ ሰፍታ በእህቷ ክምር ላይ ትጨምርላት ነበር። አሁን ግን መሪ ናት፤ መሪ ቆማ ትቆጣጠራለች እንጂ መኪና የላትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለች ያን ጊዜ ገባት።

በትንሿ ሙከራ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ሹሙ የተሰናባቾችን ዝርዝር እንድትፈርም ሰጣት። አምስት ስም አለ። ሦስተኛዋ እህቷ ናት። መብረቅ ለመነች፤ ሰባ አምስት ለጀማሪ አይቻልም ብላ ማለች። ሹሙ አልተቆጣም፤ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው።

«እንደሚቻል ያሳየሽን አንቺ ነሽ» አላት። «ካልፈረምሽ ስድስተኛውን ስም ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ሁለቱም ቢባረሩ ማን ማንን ያስጠጋል? ፈረመች።

ትንሿ አላለቀሰችም። ልብሷን በፌስታል ከታ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀቻት። መብረቅ ልትሸኛት የአንድ ሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ተከልክላ ነበርና፣ በምሳ እረፍቷ እየሮጠች ወጣች። ገንዘብ አጠራቅማ እንደምትመልሳት፣ እስከዚያ ሠርጉን በሆነ ምክንያት እንድታዘገይ ነገረቻት። ትንሿ መሬት መሬት እያየች ሰማቻት።

«እናታችን ማን አባረረሽ ስትለኝ፣ ፋብሪካው እላታለሁ» አለች። «አልነግርብሽም። እትዬ ግን ከእንግዲህ አልልሽም።»

ፌስታሏን ይዛ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። የምሳ ሰዓት ማብቂያው ተደወለ። ሦስት ደቂቃ ማርፈድ መሪን ያስቀጣልና መብረቅ ሮጣ ገባች።