የስሜነሽን ልጅ ክርስትና ሳነሳ

እኔን ብሎ ክርስትና እናት! ሽባባው ከአዘና ተነስቶ እንጅባራ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ሲስተር፣ ልጄ የተወለደችው በአንቺ እጅ ነው፤ ክርስትናዋንም አንቺው አንሺልኝ» ሲለኝ እሺ አልኩት። እምቢ ብል ምክንያቱን ሊጠይቀኝ ነው።

ምክንያቱማ ይኸውላችሁ። ሚስቱ ስሜነሽ በተገላገለች ማግስት ትንፋሽ አጠራት። ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ የምሠራበት ጤና ጣቢያ የቀረው አንድ ሲሊንደር ኦክስጅን ብቻ ነበር። ከጎኗ ደግሞ የሳንባ ምች ያጣደፋት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተኝታለች። ሐኪም የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ማንን ልጠይቅ? ልጅቷ የመትረፍ ተስፋዋ የተሻለ መሰለኝና ኦክስጅኑን ከስሜነሽ ነቅዬ ለእሷ አደረግሁላት። በዚህ በእጄ! ስሜነሽ ዓይን ዓይኔን እያየች ሞተች። ለሽባባው «የተቻለንን አድርገናል» አልኩት።

ዓርብ ዕለት ለንስሐ አባቴ ለቄስ ይኸነው ተናዘዝኩ። «ስግደቱንም ጾሙንም ይዘዙብኝ» ብዬ እግራቸው ሥር ተደፋሁ።

«አላዝም» አሉኝ።

«ለምን አባቴ?»

«ሰው ገድለሽ ብትመጪ ቀኖናሽን አላጣውም ነበር። አንቺ ግን የእግዚአብሔር ፍርድ እጅሽ ላይ ወደቀና ቆሰልሽ። ቁስል በስግደት አይሽርም። ሰውየውን ግን ዋሽተሽዋል። ልጁን ከማንሳትሽ በፊት ንገሪው።»

እንዴት ተናደድኩባቸው! ሺህ ስግደት ይሻለኝ ነበር።

እሑድ የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ነው። ሚኒባሱ አዘና እስኪገባ ይጮህብኝ ይሆን፣ ሰው ሁሉ ፊት ያዋርደኝ ይሆን ስል ደረስኩ። ሽባባው ሕፃኗን ታቅፎ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሟል። ዲያቆኑ «የክርስትና እናት! ቶሎ በይ እንጂ!» ይላል።

አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ልጁን ደረቱ ላይ ጥብቅ አደረጋት፤ በቃ፣ አይሰጠኝም አልኩ።

«ያቺኛይቱስ? ተረፈች?»

«ተርፋለች። ትምህርቷን ጀምራለች።»

«ስሜነሽ አውቃለች?»

«እያየችኝ ነው የነቀልኩት።»

ዲያቆኑ ደግሞ ተጣራ። ሽባባው እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ሕፃኗን እጄ ላይ አኖራት።

«አንሺያት» አለኝ። «ነፍስ ስታውቅ ‹እናቴስ?› ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ አልችልም።»