ያጠረው መጋረጃ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙጃሂድ መርሳ መናኸሪያ ቆሞ ከወልድያ የሚመጡትን ሚኒባሶች አንድ በአንድ ያያል። ሻይ ቤት ገብቶ ቁጭ ለማለት ሞክሮ ነበር፤ አልቻለም። ከሳሚራ ጋር ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃቸው ፈይሩዝ የምትኖረው ወልድያ፣ ከእናቷ ጋር ነው። እሱ ቤት ስታድር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሳሚራ በስልክ የነገረችው አጭር ነበር።

«አንድ ጊዜ ትሞክረው። ደግሜ እሄዳለሁ ካለች በየሳምንቱ እልካታለሁ። አልሄድም ካለች ግን አላስገድዳትም።»

ሙጃሂድ በሐብሩ ወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነው። የማሽላውን ቅጠል ገልብጦ ጀርባውን ሳያይ ስለ ማሳው አንድ ቃል አይናገርም። ለዚህ ቅዳሜና እሑድም እንደ ሥራው ተዘጋጅቷል። ቪዲዮ ቤት ሄዶ ምን ፊልም እንደሚታይ ጠይቋል። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ለልጁ የራሷ ጥግ እንዲኖራት ብሎ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛ፤ ከጎረቤቱ ከእትዬ አበበች የእጅ ስፌት መኪናም ተዋሰ። በሕይወቱ ከቁልፍ በቀር ሰፍቶ አያውቅም።

እትዬ አበበች ክር አገባቡን ካሳዩት በኋላ፣ ከገመዱ እስከ ወለሉ ደጋግሞ ሲለካ ተመለከቱት።

«አንተ ሰውዬ፣ መጋረጃ ነው የምትሰፋው ወይስ ማሳ ነው የምትቀይሰው?»

ሙጃሂድ ጨርቁን በለካው ልክ ቆረጠ። ላይኛውን ጫፍ ለገመዱ፣ ታችኛውን ለዘርፉ አጥፎ ሰፋና ሰቀለው። መጋረጃው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ለእጥፋቱ ጨርቅ አልተወለትም ነበር። እትዬ አበበች ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ።

ዓርብ ከመናኸሪያ ሲመጡ ፈይሩዝ ቦርሳዋን አዝላ ገባች፣ መጋረጃውን አየችና «ያምራል» አለች። ሻዩን ቀምሳ «ልክ ነው» አለች። አልጋው ይመቻል፤ ብርድ ልብሱ ይሞቃል፤ ራቱ ይጣፍጣል፣ አልሐምዱሊላህ። ሙጃሂድን ያስጨነቀው ይኸው ነበር። ገበሬ «ሁሉም ደህና ነው» ሲለው ቶሎ ብሎ ቅጠል የሚገለብጥ ሰው ነው።

ቅዳሜ ፊልም ገቡ። ቪዲዮ ቤቱ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ያለ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ነው። የሚታየው በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ነበር። ሙጃሂድ የሚያየው ግን ልጁን ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ከመውደቁ በፊት ሳቀች። የፊልሙ እናት ገና ሳትታመም፣ ፈይሩዝ የሻሿን ጫፍ ለእንባዋ አዘጋጀች። ሲመለሱ ነፋሱ የጭድ ብናኝ ፊታቸው ላይ ይበትን ነበር።

«ጥሩ ነበር?»

«በጣም። አመሰግናለሁ፣ አባ።»

ምስጋናዋ ከነከነው። እንግዳ ለባለቤቱ የሚለው ነው።

እሑድ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ሲገባ፣ በመጋረጃው ሥር ቦርሳዋ፣ ጫማዋና የተጠቀለለ ሹራቧ ተደርድረው አየ። ክፍተቱን ከዳር እስከ ዳር ደፍናዋለች። ዳቦውን እንደያዘ ቆመ።

ቁርስ ላይ «የዛሬውም ፊልም አሪፍ ነው ይላሉ» አላት።

«እሺ፣ እንሂድ።»

«እሱንም አይተሽዋል?»

ፈይሩዝ ማኘኳን አቆመች።

«የትናንቱን እንዳየሽው አውቄያለሁ። ሰውዬው ሳይወድቅ ነው የሳቅሽው።»

«ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የእማ ስልክ ላይ አለ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«እማ ‹አባትሽን እንዳታስቸግሪው› አለችኝ።»

ሙጃሂድ ተነሣ፤ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

«አስቸግሪኝ እንጂ! ሌላ ማን ሊያስቸግረኝ ነው?»

የምሩን መሆኑን ለማረጋገጥ ትክ ብላ አየችው።

«እሺ። ሻይህ ስኳሩ በዝቶ ማር ነው የሚመስለው። ብርድ ልብሱ ሰውነት ይበላል። ፊልም ቤት ደግሞ ፊልሙን ትተህ እኔን ነው የምታየው፤ ሰው ምን ይላል?»

«ሌላስ?»

«መጋረጃው! እግሬ ይታያል። ልብስ የምቀይረው አልጋ ላይ ወጥቼ ነው። ማነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

መጋረጃውን አወረዱት። ታችኛውን ስፌት እሷ በምላጭ፣ ክር በክር ፈታችው። እጥፋቱ ተለቅቆም መሬት አልደረሰም። ሌላ ጨርቅ መቀጠል ነበረበት፤ ቤት ውስጥ ግን ቁራጭ እንኳ አልነበረም። የፊልሙ ሰዓት ደርሶ ተነሡ። ይህኛውን ፈይሩዝ በእርግጥ አላየችውም ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ጆሮው ሥር ስታጉረመርም፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ጊዜ «ዝም በሉ!» አሏቸው።

ወደ ወልድያ ከመሄዷ በፊት ቦርሳዋን ለመውሰድ ሲመለሱ ሙጃሂድ እንደገና መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ትመለሺያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ፈለገ፤ ፈራ። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናው ሄደች፣ መርፌውን የያዘውን ብሎን ፈታች፣ መርፌውን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ኧረ የእትዬ አበበች ነው!»

«እኔ ሳልኖር ደግሞ በልኩ ቆርጠህ ታበላሸዋለህ። ጨርቁን ግዛ፤ ግን እንዳትነካው።»

መርፌ መርሳ ውስጥ በየሱቁ ሞልቷል። ሙጃሂድ ይህን አልነገራትም።

ረቡዕ እትዬ አበበች የስፌት መኪናቸውን ሊወስዱ መጡ። መዘውሩን አዞሩት፣ ጎንበስ ብለው አዩት።

«መርፌዬስ?»

«ወልድያ ነው ያለው» አለ ሙጃሂድ። «ዓርብ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

እትዬ አበበች ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን፣ ዘርፉ የተፈታውን ጨርቅ አዩ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያልተነካውን አዲሱን ጨርቅ።

«እንግዲያው መኪናውም እዚሁ ይክረም» ብለው ወጡ።