የጋሽ ሳሊህ ልፍስፍስ ሥራ

መምህርት ወይኒ የብረቱን መሰላል ከላይ ይዛ ሳበችው። አልተከፈተም። በሁለት እጇ ሳበችው፤ ሻርፗ ወደቀ እንጂ ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ሳሊህ ደስ አላቸው። ከወሎ መጥተው ሰሜን ክፍለ ከተማ ብየዳ ቤት ከከፈቱ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ የበየዱት ነገር ተገንጥሎ አያውቅም። ወይኒ ወረቀት ላይ ስላ የሰጠቻቸውን ዲኤንኤ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን መሰላል፣ በቀጭን ፌሮ ሠርተውታል። እርከኑን ሁሉ ግራና ቀኝ በይደውታል። ዝሆን ቢወጣበት አይበጠስም አሏት።

እሷ ደግሞ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪዎቿ ፊት ልትከፍተው ነው። አንድ ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል መሰላሉ ከመሃል ይተረተራል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ላይ የጎደለው ይሠራበታል፤ ካልተከፈተ ሥራውን አይሠራም ብላ አስረዳቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹን፣ ሲከፈት በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ስትል ከርማለች።

"ቲቸር፣ ሰው ጠንካራ ብየዳ ይለምነኛል" አሉ። "አንቺ ልፍስፍስ ፈልገሽ መጣሽ?"

"ጎንና ጎኑ ይጠንክር፣ እሱ መላቀቅ የለበትም። መሃሉ ብቻ ይላላልኝ።"

አኮረፉ። ጎረቤታቸው ፍሪጅ ጠጋኙ ሓፍቶም ሳቀባቸው። ሊገላምጡት ዞር ሲሉ አንድ አሮጌ የፍሪጅ በር እየከፈተ እየዘጋ ይሞክራል። በሩን አዩት፤ ሲዘጋ ተጣብቆ ይይዛል፣ ሲስቡት ይለቃል። ቆይተው ሄዱና ከሌላ የተጣለ በር ጎማ ውስጥ የማግኔቱን ጥብጣብ መዘው አወጡ።

እርከኖቹን መሃል ለመሃል ቆረጧቸው፤ በአንዱ ጫፍ ቁራጭ ማግኔት ለጠፉ። አንዷ ብቻዋን በትንፋሽ ትለቃለች። ሠላሳዎቹ እርከኖች አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን ወይኒ ብትወዘውዘውም አልተላቀቀም። ከላይ ጀምራ ስትስበው ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ተተረተረ።

"ስሜን እንዳትጠሪ" አሉ ጋሽ ሳሊህ። "ሳሊህ የሚገነጠል ሠራ ይሉኛል።"

ቃል ገባችላቸው።

ጠዋት ባጃጅ ላይ አስረው ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ድረስ ራሳቸው አመጡት። እንዳይጎብጥ ነው አሉና ክፍሉ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ልጆቹ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ተሰለፉ። ፊዮሪ የምትባል የፊት ወንበር ልጅ ማን እንደሠራው ጠየቀች።

"አንድ ባለሙያ" አለች ወይኒ።

ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ።

"ሳሊህ ይባላል" አሉ ጋሽ ሳሊህ። "የኔ ልጅ፣ የሚከፈተው መሃሉ ነው። ጎኑን ሞክሪው እስቲ።"