ያልነበሩት አስራ ሦስት ሽመላዎች

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ግን እንዳትፈርዱብኝ። እሺ በቃ ትንሽ ፍረዱብኝ።

የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት መኖር የጀመረችው አምና ነው። እሷን ቤተሰቡ በሙሉ "ፈርጥ" ይላታል። እኔን "ጉንዳን" ይሉኛል። አያችሁ? ገና ስም ላይ ተሸንፌያለሁ! ክፍሌን አካፈልኳት፣ ቁም ሳጥኔን አካፈልኳት፣ ጥሩውን ትራስ እሷ ወሰደችው። የሚያናድደው ደግሞ ክፉ አለመሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን ጠልቻት እገላገል ነበር።

አሁን ወደ ረግረጉ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ደንገል የሞላበት ረግረግ አለ፣ እዛ ውስጥ ሽመላዎች ጎጆ ይሠራሉ። ሲራመዱ አዲስ ጫማ አድርጎ ጭቃ የሚፈራ ሰው ነው የሚመስሉት፣ በጣም ነው የምወዳቸው! አንድ ድርጅት ታዲያ ረግረጉን አፈር ሞልቶ መጋዘን ልሥራበት አለ። "ሕግ የለም እንዴ?" አልን። አለ! የባዮሎጂ ቲቸራችን አነበቡልን። ሕጉ ወፎቹን መግደል ይከለክላል፣ ጎጆአቸውን ስለማፍረስ ግን ትንፍሽ አይልም። ሽመላዋን አትንካት እንጂ ቤቷ ላይ ሃምሳ መኪና አፈር ብትገለብጥ የሚጠይቅህ የለም።

"የምንጠይቀው አንድ መስመር ነው" አሉ ቲቸር። "‘የመራቢያ ቦታቸውም አይነካም’ የሚል። አንድ መስመር ብቻ ይጨመርልን።"

የከተማው ምክር ቤት የሕግ ኮሚቴ ማስረጃ አምጡ አለ፣ ቢያንስ የአስር ቅዳሜ ቆጠራ። ቲቸር ደግሞ ቆጠራ ላይ ቀልድ አያውቁም። ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ አንዷ በውሃ ታንከሩ በኩል፣ አንዷ በአጥሩ በኩል፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ። የቆጠርሽውን ወረቀት ላይ ትጽፊና አጥፈሽ በታሸገ የብስኩት ቆርቆሮ ቀዳዳ ትከቺያለሽ። ቀኑ ይጻፋል፣ ስም አይጻፍም። ቆርቆሮው የሚከፈተው ኮሚቴው ፊት ብቻ ነው።

"የሁለታችሁ ቁጥር ከተቀራረበ እውነት ነው" አሉ። "ከተራራቀ ያ ቀን የለም።"

ቆጣሪዎቹ እኔና ፈርጥ። የትምህርት ቤቱን የወፍ ክለብ ያቋቋምኩት እኔ! እሷን ጎትቼ ያስገባኋት እኔ!

ስምንት ቅዳሜ በሰላም ቆጠርኩ። ከዛ ‘ሽመላዎቻችንን እናድን’ የሚለው የክለቡ ፖስተር መጣ።

ፎቶውን ስንነሳ ሁለታችን ነበርን፣ ትከሻ ለትከሻ። ታትሞ ሲመጣ ግን ፈርጥ መሀል ላይ ቆማለች፣ ፀሐይዋ ፀጉሯ ላይ፣ ከጀርባዋ ሽመላ። እኔስ? በግራ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ ክርኔ! ክርኔ ብቻ! ለጽሑፉ ቦታ ስላነሰ ቆረጥነው አሉ። ቆረጥነው! ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ ፋርማሲው መስታወት ላይ፣ ታክሲ መቆሚያው ላይ፣ የትም ብሄድ ክርኔ ይጠብቀኛል።

"የፖስተሯ ልጅ እህት ነሽ አይደል?" አለኝ ዳቦ ሻጩ።

"ፖስተሩ ላይ እኔም አለሁ።"

ፖስተሩን አየ። እኔን አየ። "የት ጋ?"

ክርኔን አነሳሁለት።

"ውይ! እኔ እኮ የዛፍ ቅርንጫፍ መስሎኝ ነበር!"

እማዬ ደግሞ አንዱን ፍሪጁ ላይ ለጥፋልኛለች። ውሃ ልጠጣ ስሄድ ፈርጥ ፈገግ ትልብኛለች።

"ቀናሽ እንዴ ጉንዳኔ?" አለችኝ እማዬ።

"ምን ያስቀናኛል!" አልኩ። ፍሪጁን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

ያን ሳምንት ቅዳሜ ወደ ረግረጉ ስንሄድ ቲቸር "ፈርጥ እኮ የንስር ዓይን ነው ያላት" አሉ። በቃ! ቆርቆሮው ሲከፈት የሷ ቁጥር ከኔ ሲበልጥ ታየኝ። ወረቀቱ ስም እንደሌለው እንኳ ረሳሁት፣ ቅናት እንደዚህ ያደነቁራል። ሃያ አምስት ቆጥሬ ሠላሳ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ጨመርኩ፣ ቀጥሎ አስር። በመጨረሻው፣ በአስራ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሃያ አምስት ቆጥሬ ሠላሳ ስምንት! አስራ ሦስት ሽመላ ከኪሴ አውጥቼ ለቀቅኩ።

ቁጥራችን መቀራረብ አለበት የሚለው ትዝ ያለኝ ወረቀቷ ከእጄ አምልጣ ቆርቆሮው ውስጥ ጠብ ስትል ነው። ወይኔ! ቀዳዳዋ ጣቴን አታስገባም። ሞክሬያለሁ።

የኮሚቴው አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛና ሲጥ ሲጥ የሚል ማራገቢያ አለው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። በዚህ በኩል እኛ፣ በዚያ በኩል የድርጅቱ ጠበቃ፣ ከረባቱ እንኳ የተቆጣ። ጸሐፊው የቆርቆሮውን ፕላስተር በቁልፉ ቀደደና ማንበብ ጀመረ።

"አንደኛ ቅዳሜ፣ ሃያ ሁለት እና ሃያ ሦስት። ሁለተኛ፣ ሃያ አራት እና ሃያ አራት።"

እስከ ስምንተኛው እንደ መንታ እህት ሄደ። ቲቸር በኩራት አበጡ። እኔ እጄን ቂጤ ስር ከትቼ ተቀምጫለሁ።

"ዘጠነኛ፣ ሃያ አምስት እና... ሠላሳ።" ጸሐፊው ወረቀቱን ገለበጠው። አስረኛውና አስራ አንደኛውም እንዲሁ ተራራቁ። "አስራ ሁለተኛ፣ ሃያ አምስት እና ሠላሳ ስምንት።"



ጠበቃው ብድግ አለ። "ክብርት ሰብሳቢ፣ ከሁለቱ አንዷ ቀጥፋለች። የትኛዋ እንደሆነች ካልታወቀ ሃያ አራቱም ወረቀት ዋጋ የለውም። መኪኖቻችን ቆመው ነው ያሉት፣ ነገ ሥራ እንጀምር።"

ነገ! ጎጆዎቹ ውስጥ እንቁላል አለ እኮ!

ሰው ሁሉ ፈርጥን አየ፣ አዲሷ እሷ ስለሆነች። አያችሁ፣ ስም አልተጻፈም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ቲቸር እንኳ ወደ እሷ ዞሩ። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንድ ሰከንድ ደስ አለኝ። ለአንድ ሰከንድ ብቻ፣ እንደ ከረሜላ።

ፈርጥ ተነሳች። "እኔ ልሆን እችላለሁ" አለች። "የሚበሩትን አንዳንዴ ሁለቴ እቆጥር ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እባካችሁ በሽመላዎቹ አትፍረዱ።"

አዳራሹ በሙሉ "እእእ..." አለ፣ በሐዘኔታ። ሰብሳቢዋ በእናት ዓይን አዩአት። አንዱ መሀረብ አቀበላት። እንዴ! ትራሴን፣ ፖስተሬን፣ አሁን ደግሞ ውሸቴን ልትወስድብኝ?

"የኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ። "አንቺ ምን አገባሽ! ሠላሳ ስምንቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ!"

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አገኙት። "ለምንድን ነው የጻፍሽው ልጄ?"

"ፖስተሩ ላይ ክርኔ ብቻ ስለወጣ።"

በሳቅ ፈረሱ። ጠበቃው ራሱ ሳቀ፣ ቶሎ ደበቀው እንጂ። ቲቸር ግን አልሳቁም። እንባዬ የመጣው እሳቸውን ሳይ ነው።

ኮሚቴው ተማከረ። አራቱ ቅዳሜዎች ተሰረዙ። ስምንቱ ቀሩ፣ ከአስር ሁለት ጎደለ። በኔ ምክንያት! ሰብሳቢዋ ግን "ሁለት ቅዳሜ ተጨማሪ ይቆጠራል፣ የኛ ጸሐፊ ባለበት" አሉ። "እስከዛ አንድ አካፋ አፈር እንዳይወርድ።" ከዛ ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ግን አትቆጥሪም።"

ከበሩ ውጪ ፈርጥ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ለምን አልነገርሽኝም? ፖስተሩን እኮ እኔም ጠልቼዋለሁ!"

"ዝም በይ። አምሮብሻል።"

"አፍንጫዬ ግን..."

"አፍንጫሽም አምሮበታል፣ ተይኝ!"

የቲቸር ቃል ደግሞ ይኸው፦ "እንዲህ ዓይነት ልብ ያላት ልጅ አይቼ አላውቅም።" ለማን? ለሷ! እኔ በሰው ሁሉ ፊት ተዋርጄ፣ ይቅር ያለችው ልብ ተሸለመች።

ሁለቱን ቅዳሜ የኔ ሥራ ቆርቆሮ መያዝ ሆነ። ፈርጥ በታንከሩ በኩል፣ ጸሐፊው በአጥሩ በኩል፣ እኔ መሀል ላይ እንደ ፖስታ ሳጥን ቆሜ። በሁለቱም ቅዳሜ ቁጥራቸው ተቀራረበ። አስር ቅዳሜ ሞላ። በወሩ ምክር ቤቱ መስመሯን ጨመራት፣ ሰብሳቢዋ ራሳቸው ናቸው ያነበቧት፦ "የመራቢያ ቦታቸውም አይነካም።" ቲቸር አለቀሱ፣ እኔና ፈርጥ ወንበር ላይ ቆመን ዘለልን፣ ጠባቂው "ውረዱ እናንተ!" ብሎ አባረረን። ዳቦ ሻጩም አሁን ያውቀኛል። "ነይ ቀጣፊዋ" ይለኛል፣ በደንብ የበሰለውን መርጦ እየሰጠኝ።

አንድ ነገር ግን ለእናንተ ብቻ። በመጨረሻው ቅዳሜ ቆርቆሮዬን ይዤ እኔም በልቤ ቆጥሬ ነበር። አትቁጠሪ ተባልኩ እንጂ አትዪ አልተባልኩም። ሃያ ሰባት። ወረቀቶቹ ሲከፈቱ ጸሐፊው ሃያ ሰባት፣ ፈርጥ ሃያ ስድስት።

አንዷ አመለጠቻት! ደንገሉ ጥግ የተኛችዋ! የንስር ዓይን አሉ!

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ማታ ፈርጥ "ምን ያስቅሻል?" ስትለኝ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀበርኩ። መጥፎው ትራስ ውስጥ።